ኤ ማይነር የበላት ጣት

የግራ እጄ አመልካች ጣት ከእኔ የበለጠ ክብር አላት። ቀልዴን አይደለም። እዚህ ሳዑዲ ውስጥ እኔ ማለት እሷ ናት። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ሲታደስ እሷ ትቀርባለች፣ የስልክ ሲም ሲወጣ እሷ ትቀርባለች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ተሸክሜያት ከመሄድ በቀር ሌላ ፋይዳ የለኝም። የቀሩት ዘጠኙ ጣቶቼ ለሥራና ለጉርሻ እንጂ ለመንግሥት የሚሆኑ አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። ጅዳ፣ ሰቢል በሚባለው ሰፈር፣ ከጓደኛዬ ከጀማል ጋር በአንዲት ክፍል እኖራለሁ፤ ቀን ቀን የሰው ኮሪደርና መታጠቢያ ቤት አነጥፋለሁ። ሲሚንቶ ሲነካ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ሲሚንቶ አሻራ ይበላል። እኔ ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት ግን ይህችን አመልካች ጣቴን በመዶሻ ቀጠቀጥኳትና ወራት ሙሉ በፋሻ ተጠቅልላ ከረመች። ዘጠኙን ሲሚንቶ ሲበላቸው እሷ ፋሻዋ ውስጥ ተኝታ ነበር። በኋላ ለኢቃማ በስማ ስሰጥ፣ በስማ እዚህ አሻራን የምንጠራበት ስም ነው፣ ማሽኑ አንዱን ጣቴን ሲያይ ዝም፣ ሁለተኛውን ሲያይ ዝም። መጨረሻ ላይ እሷን ሳሳርፋት አረንጓዴ በራ። የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና "ይህችን ጣት ጠብቃት፤ ሌላ መታወቂያ የለህም" አለኝ። ወላሂ፣ እንደ አደራ ነው የተቀበልኩት።

ከዚያ ወዲህ ለግራ እጄ ጓንት ገዛሁላት። ልብስ ሳጥብ በአንድ እጄ ነው የማሸው። ጀማል በር ሊዘጋ ሲል "ቀስ በል፣ ጣቷ" እለዋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጌ ጠበቅኳት። ያጠፋኋት ግን በሦስት ወር ነው፤ ያውም በጊታር።

ሴራሚክ አንጣፊን ከጊታር ጋር ምን አገናኘው ለሚል ሰው ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። መካ ውስጥ ሐጂ ሙሄ የሚባሉ የወሎ ሰው አሉ። የወሎ ሰው አልኩ እንጂ ከወሎ የመጡት አያታቸው ናቸው፤ እሳቸው መካ ተወልደው፣ መካ አድገው፣ መካ ልብስ ሲሰፉ የሸበቱ ሰው ናቸው። ቤታቸውን ሲያሳድሱ ኮሪደሩን እንዳነጥፍ ተጠራሁ። ስጨርስ ሐጂ ከኪሳቸው ሎሚ አወጡና ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ሎሚዋ ቆመች። ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደው አስቀመጡ። እዚያም ቆመች። ሎሚዋን ወደ ኪሳቸው መለሱና "አግብተሃል?" አሉኝ።

ሌላው ሰው በመልኩ ይመረጣል፣ ሌላው በዘመዱ። እኔ የተመረጥኩት በውሃ ልክ ነው። ሐጂ ወለል ቀጥ ያደረገ ሰው ትዳሩንም ቀጥ ያደርጋል ብለው አመኑ፤ እኔም ተው አይባልም ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት ሻይ ይዛ የመጣችውን ልጃቸውን ሰሚራን አይቻት ነበር። ሻዩን አስቀመጠች፣ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አየች፣ ከዚያ የሳሎኑ በር ሲከፈት ከኋላው የምትደበቀውን አንዷን ሴራሚክ በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገችና "ይህች ጠማማ ናት" አለችኝ። ልክ ነበረች። የሐጂ ሎሚ ያልደረሰባት እሷ ብቻ ነች። "አብሽር፣ ለአባ አልነግርም" ብላኝ ባዶውን ትሪ ይዛ ሄደች። እኔም ወደ ጅዳ ተመለስኩ እንጂ ልቤ እዚያው፣ ጠማማዋ ሴራሚክ ላይ ቀረ።

ሐጂ ደግ ሰው ናቸው። በአንድ ነገር ብቻ ቀልድ አያውቁም። ከእኔ በፊት ሰሚራን ሊጠይቅ የመጣውን ሰው የመለሱት፣ ስልኩ ሲጠራ ዘፈን ስለሆነ ነው። እስኪያጠፋው እንኳ አልጠበቁም አሉ፤ "ዘፋኝ ለልጄ አልፈልግም" ብለው ጫማውን አዙረው በር ላይ አስቀመጡለት። ይህን የሰማሁ ዕለት የስልኬን ድምፅ ጭራሽ ዘጋሁት። ዘመዶቼ ሁሉ ኮራብን ብለው እስከ ዛሬ ይቀየሙኛል።

ከታጨን በኋላ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ በስልክ እንድንነጋገር ተፈቀደልን። አፈቃቀዱ እንዲህ ነው፤ ስልኩ ስፒከር ላይ ይደረጋል፣ ሐጂ አጠገቧ ይቀመጣሉ። "ሰላም ነሽ?" "አልሐምዱሊላህ።" "ሙቀቱስ?" "አልሐምዱሊላህ።" ስለ ጅዳ ሙቀት ለመካ ሰው እንደ እኔ ያስረዳ ያለ አይመስለኝም። አንድ ሐሙስ ግን ሐጂ ዉዱእ ሊያደርጉ ተነሡ። ሰሚራ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ወሎዬ ነህ አይደል? ያዕኒ፣ ወሎ ሙዚቃ የማይችል ሰው የለም ይላሉ። አንተ ምን ትጫወታለህ?"

እዚህ ጋ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ግን ወሎዬ መሆን ሸክም አለው። ባቲ፣ አምባሰል እየተባለ ቅኝቱ ሁሉ በሀገሬ ስም ሲጠራ፣ ሰርግ ላይ ጭብጨባ እንኳ የሚስተው እኔ ምን ብዬ ልመልስ? በዚያች ሰዓት ሥራ ቦታ ነበርኩ። አብሮኝ የሚሠራው ፊሊፒኖ ጊታሩን ፊት ለፊቴ ግድግዳ ላይ አስደግፎታል። ዓይኔ እሱ ላይ አረፈ።

"ጊታር" አልኳት።

"ማሻአላህ። ማይነር ትችላለህ? እኔ ማይነር ነው የምወደው። ያስለቅሳል ይላሉ።"

"ማይነርማ ዋናው ሙያዬ ነው" አልኳት፤ ማይነር የሚበላ ይሁን የሚጠጣ ሳላውቅ።

"ጠይብ። የኒካሑ ቀን ከምሳ በኋላ ለእኔ ብቻ ትመታልኛለህ። ያኔ ባሌ ነህ፤ አባም ምንም አይሉም።"

ይሄኔ ሐጂ ተመለሱ። ጆሯቸው እንዲያው ነው፣ ውሃው እየፈሰሰም ይሰማሉ። "ማይነር ያላችሁት ምንድን ነው?" አሉ።

"የሴራሚክ ዓይነት ነው ሐጂ።"

"ጥሩ ነው?"

"ከእሱ የሚሻል የለም።"

"እንግዲያው የእኔ መታጠቢያ ቤት በማይነር ይነጠፍ" አሉና ስልኩን ዘጉት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሐጂ ቀድመው ስልኩን ያዙት። ሴራሚክ መሸጫ ሄደው ማይነር ጠይቀው ነበር። ነጋዴው ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? "አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል" አላቸው። እኔ ከምዋሸው በላይ የሚዋሽልኝ ሰው መካ ውስጥ እንዳለ ያን ቀን አወቅኩ። ሐጂም ለጎረቤት ለዘመዱ ሁሉ "መታጠቢያ ቤቴን ማይነር ላስነጥፈው ነው" ማለት ጀመሩ።

ለኒካሑ ሦስት ወር ቀርቶ ነበር። ፊሊፒኖው ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ ሀገሩ ሊገባ ሲል ጊታሩን ለምኜ ተቀበልኩት። ሰቢል ውስጥ ደግሞ ጊታር ይዞ መታየት የማይሆን ነገር ነው፤ ወሬው ከእኔ በፊት መካ ይደርሳል። ስለዚህ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እንደ ልጅ ደረቴ ላይ ታቅፌ መጣሁ። ደረጃው ላይ ያገኘሁት ፓኪስታናዊ ጎረቤታችን ደንግጦ ግድግዳውን ተጠጋልኝ። "ታሟል?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ጭኖ ረጅም ዱዓ አደረገ። እኔም አሚን አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኘኝ ቁጥር ልጁ ተሻለው ወይ እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም እንደ ዕለቱ ልምምዴ "ዛሬ ትንሽ ይሻላል" ወይም "ዛሬስ አልቻልኩም" እለዋለሁ። ሁለቱም ውሸት አልነበረም።

ልምምዱን የማደርገው ጣሪያ ላይ ነው፣ በውሃ ታንከሮቹና በኤሲዎቹ ሞተር መካከል። ሞተሩ ስለሚጮህ ድምፄን ይውጥልኛል። አስተማሪዬ ስልክ ውስጥ ያለ አንድ ፈገግተኛ ሰውዬ ነው። "ማይነር ኮርድ በጣም ቀላል ነው" ብሎ ነው የሚጀምረው። ቀላል የሚለውን ቃል እንደዚያ ሰውዬ ያረከሰው አላየሁም። ኤ ማይነር ለማለት የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት ተጠጋግተው ሁለት ክር ይጫናሉ፤ አመልካች ጣት ደግሞ ወደ ኋላ ተለይታ፣ ብቻዋን፣ ከታች ሁለተኛውን ክር ትጫናለች። ይህን ሁሉ አድርገህ ስትመታው የሚያሳዝን ግን ቆንጆ ድምፅ ይወጣል ይላል። እኔ ስመታው የወጣው ድምፅ ሴራሚክ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ነው። እሱን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ አለቃ የሚጮህብኝ በእሱ ነው።

የፊሊፒኖው ጊታር ያረጀ ስለሆነ ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀዋል። ለመጫን ጉልበት ይጠይቃሉ፤ ዝገትም ነክቷቸዋል። በዚያ ላይ የጅዳ ወበቅ አለ፤ ጣቴ በላብ ከክር ክር ይንሸራተታል። መጀመሪያ ጣቴ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ተላጠ፣ ከዚያ ደረቀ። ፈገግተኛው ሰውዬ "ጣታችሁ ሲደርቅ ደስ ይበላችሁ፣ ጊታር ተጫዋች ሆናችኋል ማለት ነው" ስላለ ደስ አለኝ። ሲሚንቶ ስነካ ጓንቷን አጠልቅላታለሁ፣ ጊታር ስይዝ አወልቅላታለሁ። ሲሚንቶ አሻራ እንደሚበላ ሁሉም ነግሮኛል፤ ክር እንደሚበላ የነገረኝ ግን የለም። ራሴ ደግሞ ስለ ሰሚራ እንጂ ስለ ጣት የማስብበት ጊዜ አልነበረም።

ሁለት ወር ሲሞላ ጀማልን ጣሪያ ላይ አወጣሁትና ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ መታሁ። ጀማል ጥሩ ጓደኛ ነው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"ይሄ የትኛው ነው?" አለኝ።

"ኤ ማይነር።"

"ቅድም የመታኸውስ?"

"እሱም ኤ ማይነር ነው።"

ጀማል አንገቱን ነቀነቀ። "ወንድሜ፣ ልጅቷ ማልቀስ ከፈለገች ሽንኩርት አለ" አለኝና ወረደ።

አልተቀየምኩትም። ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ኤ ማይነር፣ ኢ ማይነርና ዲ ማይነር በእጄ ነበሩ። ለየብቻቸው ሲመቱ ይሰማሉ። ችግሩ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ነው፤ ከኤ ማይነር ተነሥቼ ዲ ማይነር እስክደርስ ሰው ከሰቢል ሂንዳዊያ ሰፈር ሄዶ ይመለሳል። ቢሆንም እንባ የሚመጣበትን ሰዓት እኔ ምን አውቄ፣ ቀስ ብሎም ሊመጣ ይችላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የኒካሑ ቀን ደረሰ። ጀማል ምስክሬ ስለሆነ አብሮኝ ሄደ። ጊታሩን በብርድ ልብሱ ጠቅልለን ከጀማል መኪና ወንበር በታች ደበቅነው። መካ ስንደርስ ሐጂ ነጭ በነጭ ለብሰው ጠበቁንና ውሉ የሚጻፍበት ቢሮ ሄድን። ሰሚራም ከእናቷ ጋር በአንድ በኩል ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ዓይኗ ይስቃል። መውኢዳችን፣ ቀጠሯችን፣ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ሁሉም ተሞላ፣ ሁሉም ተነበበ። ሠራተኛው ትንሿን ማሽን ወደ እኔ ገፋ አደረገና "በስማ" አለኝ።

ጓንቴን አወለቅኩ። ጣቴን በኩራት አሳረፍኳት። ቀይ በራ።

"እንደገና" አለኝ። ቀይ። በሶፍት ጠረግኩ፤ ቀይ። ሐጂ በሀይል እንድጫን መከሩኝ፤ ቀይ። ጀማል "ፊት ላይ ወዝ አለ፣ ግንባርህን አሻሽባት" አለኝ፤ አሻሸሁ፣ ቀይ። ዘጠኙንም ጣቶች ጠርቼ አሰለፍኩ፤ እነሱስ ድሮም አይናገሩም። ሠራተኛው ትሑት ሰው ነው፤ ጣቴን ይዞ ወደ መብራት አቀረባት። ጫፏ ላይ የጊታር ክሮች የቀደዱት መስመር ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል፤ የቀረው ድርቅ ያለ ቆዳ ነው።

"ሰውዬው አለ፣ አሻራው የለም" አለ። "ይህችን ጣት ምን ነካት?"

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሐጂ መለሱ። "ሴራሚክ ነው። ልጁ ሠራተኛ ነው፣ ያ ሸኽ። ላቡን የሚበላ ልጅ ነው።"

ጓንቴን መልሼ አጠለቅኩ። ሠራተኛው ለሁለት ሳምንት ጣቷን የበላት ነገር እንዳይነካት፣ ቅባት እየተቀባች እንድታርፍና ተመልሰን እንድንመጣ ነገረን። ሰሚራን ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ አይስቅም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ይህች ልጅ ጠማማ ሴራሚኬን የደበቀችልኝ ናት፤ እኔ ደግሞ ጣቴን ለእሷ ብዬ አበላሽቼ እሷኑ ሳላገባ ልመለስ ነው። ሁለት ሳምንት ደግሞ ሐጂ ሀሳባቸውን ለመቀየር በቂ ጊዜ ነው።

ምሳው ግን ተሠርቷል። አርባ ሰው ተጠርቷል፤ በጉ ሩዙ ላይ ተጋድሟል። ኒካሑ አልተፈጸመም ተብሎ በግ ወደ ኋላ አይመለስም። እንግዳው በሐጂ ኮሪደር ላይ ተደርድሮ ተቀመጠ፣ በላ። ሐጂ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ለእንግዶቹ ሁሉ ታሪኩን ተናገሩ። እጄን ይዘው ወደ ላይ አነሡት። "እዩዋት" አሉ፣ "የሐላል ሥራ ጣት ይህች ናት።" ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ጣቴን እያዩ "አላህ ይባርክላት" አሉ። አንዱ ሳማት። እኔ ሩዙን እያየሁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመኝ ነበር፤ ወለሉን ግን ያነጠፍኩት እኔ ስለሆንኩ እንደማይሰነጠቅ አውቃለሁ።

በዚህም ቢያበቃ ሐሰቴን ይዤ፣ ጣቴን አሳርፌ፣ በሁለት ሳምንቴ መምጣት እችል ነበር። ሐጂ ግን ተቆጡ። በእኔ አይደለም፣ በከፊሌ፣ በአሠሪዬ ላይ ነው። "የሰው ልጅ እንዲህ እስኪሆን የሚያሠራ ምን ዓይነት ሰው ነው? ስልኩን ስጠኝ። አሁን ነው የምነግረው" ብለው መነጽራቸውን አወጡ። ከፊሌ ጓንት መግዛቴን ሲያይ ሁለተኛ ጥንድ የጨመረልኝ ሰው ነው። ጀማል አየኝ። እኔም ጀማልን አየሁት። ስልኬን ሐጂ እጅ ላይ አስቀመጥኩና ከዚያ መልሼ ያዝኩት።

"ሐጂ፣ ሴራሚክ አይደለም" አልኩ። "ጊታር ነው።"

ማኘክ ቆመ።

"ምንድን ነው?"

"ጊታር። ለሰሚራ እችላለሁ ብዬ ዋሽቼያት ነበር። ውሸቴ እውነት እንዲሆን ሦስት ወር ስማር ነው ጣቴ የሄደችው። ከፊሌ ምንም አላጠፋም።"

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። "ማይነርስ?"

"ማይነርም ጊታር ነው።"

"ሴራሚክ አይደለም?"

"አይደለም ሐጂ።"

መነጽራቸውን በልብሳቸው ጫፍ መጥረግ ያዙ። ጫማዬን በር ላይ የት እንዳስቀመጥኩት ማሰብ ጀመርኩ።

"ታዲያ" አሉ በመጨረሻ፣ "ያ ነጋዴ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል ያለኝ ምኑን ነው?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። በዚህ መሀል የሴቶቹ ክፍል በር ትንሽ ተከፈተና የሰሚራ ድምፅ መጣ። "አባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ማይነር ምታልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ማይነር ምንድን ነው እስኪ ንገሪኝ?"

"ወላሂ አላውቅም አባ። ስልክ ላይ አንዷ ያስለቅሳል ስትል ሰምቼ ነው።"

ሦስት ወር ሙሉ ጣሪያ ላይ የተጠበስኩበት ነገር ምን እንደሆነ ያዘዘችኝም እንደማታውቀው የሰማሁት ያኔ ነው። መናደድ ነበረብኝ፤ ደስ አለኝ እንጂ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሁለት ውሸት ዋሽተሃል፤ አንዱን ለልጄ፣ አንዱን ለእኔ። ያለ ጥፋቱ ሰው ሊሰደብ ሲል ግን ዝም አላልክም። ዝም ብትል ኖሮ ጫማህን አዞርልህ ነበር።" ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "ጊታሩን አምጣው።"

ጀማል ሮጦ ከመኪናው አመጣው። ሐጂ ብርድ ልብሱን ገልጠው አዩት፣ መልሰው ሸፈኑት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብተው ቆለፉና ቁልፉን ከሎሚው ጋር ኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ሳምንታት የጣቷ እንጂ የእኔ አልነበሩም። ሐጂ በየጠዋቱ ይደውላሉ። ስለ እኔ አይጠይቁም።

"ጣቷ እንዴት አደረች?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አደረች።"

"ተቀባች?"

"ተቀብታለች ሐጂ።"

"ከሰው እጅ ጠብቃት" ብለው ይዘጋሉ። ሰሚራ በእናቷ በኩል አንድ ብልቃጥ ዘይት ላከች። የደረቀው ቆዳ ቀስ እያለ ተላጠ፣ ከሥሩ አዲስ ወጣ። ጀማል በየማታው ጣቴን ወደ አምፖል አቅርቦ "አንድ መስመር አየሁ" ይለኛል። ፓኪስታናዊው ጎረቤቴ ስለ ልጁ ሲጠይቀኝ መካ አያቱ ጋ ሄዷል አልኩት፤ አልሐምዱሊላህ ብሎ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ።

በቀጠሮው ቀን ያው ሠራተኛ ያችን ማሽን ገፋ አደረገልኝ። ቢስሚላህ ብዬ ጣቴን አሳረፍኩ። ቀይም አረንጓዴም አልሆነም፤ ማሽኑ ትንሽ አሰበ። ሐጂ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ አረንጓዴ በራ። ሰሚራ የራሷን ጣት አሳረፈች፤ የእሷ ከመንካቷ በራ። ጀማል ፈረመ፣ እኔ አለቀስኩ። ማይነር የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም።

ከምሳ በኋላ፣ ይኸኛው ምሳ ለአሥር ሰው ብቻ ነበር፣ ሐጂ ቁልፉን ለሰሚራ ሰጧት። "እኔ እተኛለሁ፤ ምንም አልሰማም" ብለው ኮሪደሩን ይዘው ሄዱ። ሰሚራ ጊታሩን አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችና የሳሎኑን በር ዘጋች። "ያላ" አለችኝ።

ኤ ማይነርን ያዝኩ። በሁለት ሳምንት ቅባት ጣቴ እንደ ሕፃን ጣት ለስልሳለች፤ ክሩ ሲነካት ነፍሴ እስክትወጣ አመመኝ። ቢሆንም ተጫንኩና መታሁ። ጥ አለ። ወደ ዲ ማይነር ጉዞ ጀመርኩ። ሰሚራ በትዕግሥት ጠበቀችኝ፤ ደርሼም መታሁ። ያው ጥ ነው። ኢ ማይነር ላይ ሰሚራ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀና ብዬ ሳያት እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ ሳቅ ነው፣ መተንፈስ አቅቷታል። "ያስለቅሳል ያሉት እውነት ነው" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

ከበሩ ማዶ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማይነር ይሄ ከሆነ ሴራሚክ መሆኑ ይሻል ነበር" አሉ ሐጂ።

ሐጂ ባዶ እግራቸውን እንደቆሙ ነው፤ እግራቸው ወለሉን ሲዳስስ ይሰማል። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

"አንተ ልጅ፣ ይህች የቆምኩባት ሴራሚክ ጠማማ ናት።"

ሰሚራ እጄን ያዘችና ያችን የቆሰለች ጣቴን በመዳፏ ሸፈነቻት። "አብሽር" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "ውሉ ተፈርሟል።"